ሰርቪስ የምታቀያይረው ልጅ

ማታ ማታ የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪሶች በየአቅጣጫው ሲበተኑ እያንዳንዳችን የሰፈራችንን ይዘን እንገባለን። ለልምምድ የመጣችው ልጅ ግን የኔ የምትለው ሰርቪስ የላትም። ዛሬ የእኛን፣ ነገ የሌላውን ትሳፈራለች፤ ሁልጊዜም መስኮት ዳር። ሸራ ጫማዋ ሶሉ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ከመውረዷ በፊት «ተለማማጅ» የሚለውን ባጅ ከአንገቷ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች።

«ይቺ ልጅ እኮ ዘመድ የሌላት ሰፈር የለም» ይላል ሾፌራችን። ሐሜት የሚጥማቸው ደግሞ ዘመዱን ወንድ አድርገውታል። እኔም አላስችል ቢለኝ አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ለመሆኑ ዘመድሽ ስንት ነው?» አልኳት።

«አንድም የለኝም፣ ጋሼ» አለች እየሳቀች። «ሰርቪሱ አያስከፍልም። ወርጄ ሰፈሩን እያየሁ በእግሬ ወደ ኪራይ ቤቴ እመለሳለሁ። ከተማው እንዲህ ካልሆነ በምን አቅሜ ይታያል?»

እዚሁ ተወልጄ እዚሁ የሸበትኩት እኔ፣ ከቤቴ ማዶ ያለውን ዳገት አንድ ቀን ወጥቼው አላውቅም።

ትናንት ይህንኑ ዳገት ልትወጣ ከእኔ ጋር ከሰርቪሱ ወረደች። ገና ከመጀመሯ ስልኳ ጮኸ። የእናቷ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ የት ሄድሽ? እዚያስ ማን አለሽ?»

ዞር ብላ የመጣችበትን አላየችም፤ እርምጃዋንም አላዘገየችም።

«እኔ አለኋ፣ እማዬ» አለች፣ ዳገቱን እየወጣች።