አማቼን ያወረድኩበት ጫማ

የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ፊት ለፊት «ጋሼ» ነው የምለው፣ በአንቱታ። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ደንቡም ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። ስሙን አልጽፍም፤ እዚህ ከተማችን ሞርስ ሮድ ላይ ሥጋ የሚገዛ ሐበሻ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቀዋል።

ነገሩ የጀመረው በኮሮናው ዓመት፣ ቅጠል ሲረግፍ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ተቆልፎ ሲብሰለሰል አማቼ ቀስቱን ይዞ ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ አጋዘን ያድናል። ክሊንተንቪል ቤት ከገዛ ወዲህ ከፈረንጅ ጎረቤቶቹ የማይለምደው ነገር የለም። ችግሩ የገደለውን ከእኛ ማንም አይበላለትም። አጋዘን ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ፣ በቀስት ተወግቶ በራሱ ከሞተ፣ በክት ነው። እናቱ እትዬ፣ አማቴ ማለት ነው፣ በክት ይዞ ደጄን እንዳይረግጥ ብላ ቁርጡን ነግራው ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ሥጋ ለጎረቤት ይሄድ ነበር፤ እሱም ጀግና የሚለው አጥቶ ያርረዋል።

ለፋሲካ ከከተማው ወጣ ካለው ፋርም በግ ስንገዛ ቢላዋ የምይዘው እኔ ነኝ። ታዲያ አንድ ቀን አማቼ ኮል አደረገልኝ። እሱ ይወጋል፣ እኔ የአጋዘኑ ነፍስ ሳትወጣ ደርሼ እባርካለሁ፣ አርዳለሁ። ሐሳቡ ደስ አለኝ፤ የተራራ ጫማ ግን የለኝም አልኩት። ለሪከንባከር መጋዘን የማደርጋት የሥራ ጫማ ብቻ ናት ያለችኝ። አዲስ ምን ያደርግልሃል ብሎ የራሱን አሮጌ ቦት አመጣልኝ። ይሰፋኛል ስለው ካልሲ ደርብበት አለኝ። እኔ ሞኙ ደረብኩ።

አጋዘኑ ተወግቶ ቁልቁል ሲበር እኔም ቢላዬን ይዤ ተከተልኩ። ምን ዋጋ አለው! ተረከዜ ጫማው ውስጥ ወጣ ገባ ይላል። ቁርጭምጭሚት ይዞ ማቆም የነበረበት ቆዳ ከእርጅና ረግቧል። እርጥብ ቅጠል ስረግጥ ጫማው በአንድ በኩል፣ እግሬ በሌላ በኩል ሄዱ፤ ተንከባልዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። እያነከስኩ ስደርስ አጋዘኑ ሞቷል።

ይህ ብቻ ቢሆን እረሳው ነበር። እሱ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ማኅበርተኛው በእኛ ጋራዥ፣ በሩን ከፍተን፣ ማስካችንን አገጫችን ላይ አውርደን በተሰበሰብንበት ተነስቶ አወራው። አወራው ብቻ ነው እንዴ፣ ተጫወተው! እያነከሰ ሮጠ፣ ወንበር አቅፎ ወደቀ፣ ተንፏቀቀ። ከዚያ «ይሄ አራጃችን የታሰረ በግ ካልሆነ አይደርስም» አለ። ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ሚስቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ልጄ፣ አንድ ልጄ፣ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ «አጌን፣ አንክል! ዱ ኢት አጌን!» አለችው። እሱም ደገመላት። የጣለኝ እሱ የሰጠኝ ጫማ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላለም። እኔም ያበጠ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ፣ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ።

ክረምቱን ሙሉ በየክርስትናው፣ በየልደቱ ያንን አነካከስ ሲጫወት ከረመ። ወሬው ሪከንባከር ድረስ ደርሶ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ እግርህ እንዴት ነው ብሎ ጥርሱን አሳየኝ። ልጄ ስልኳ ላይ ቀድታው ነበር፤ ከጓደኞቿ ጋር እያየች ስትስቅ በበሩ ክፍተት ሰማኋት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ቀን፣ በዚያው ተራራ ላይ ካልወጣሁና በእግሬ ካላሸነፍኩት ሰው አይደለሁም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በጸደይ ከሥራ ወጥቼ አንድ የአደንና የተራራ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ሻጯ ሸምገል ያለች ሴት ነበረች። ማታ መምጣትህ ጥሩ ነው አለችኝ፤ እግር ሲቆም ውሎ ያብጣል፣ ጫማ የሚለካው ባበጠ እግር ነው። ተራራ ላይ የማደርገውን ወፍራም ካልሲ አስጠልቃ ሁለቱንም እግሬን ለካች። ለካስ ግራዬ ይበልጣል። ለምንድን ነው የፈለግከው ስትለኝ ለአደን አልኳት፤ ለበቀል ነው እንዴት ይባላል። ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ፎጣ ለመጠምዘዝ ሞከረችና እንቢ ሲላት ይሄ ድንጋይ ላይ ይይዝሃል አለች። ከዚያ ወደ ታች ያዘነበለ ሳንቃ ላይ ወጥቼ እግሬን እንድመታ ነገረችኝ። ጣቴ ጫፉን ከነካ ቁልቁለት ላይ ጉዴ ነው፤ ተረከዜ ከተነሳ ይላጣል። ሱቁ ሊዘጋ እስኪል ድረስ ሳወልቅና ሳደርግ ቆየሁ። በመጨረሻ አንዱ ተረከዜን ጭምድድ አድርጎ፣ ቁርጭምጭሚቴን ደግፎ፣ ጣቶቼን ግን እንደ ልባቸው ለቀቃቸው። ሳንቃውን ደበደብኩት፤ ምንም አልነካኝም። ደስታዬ ለጉድ ነበር።

በጋውን እሱኑ ተጫምቼ፣ የሩዝ ከረጢት አዝዬ የቤታችንን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። ሚስቴ ይሄን ሰውዬ ጸበል ልውሰደው ይሆን ብላ እህቷን አማከረች።

መስከረም ላይ አማቼ እሱም አዲስ ጫማ እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከእንቅልፉ እንደተነሳ፣ ስስ የቤተ ክርስቲያን ካልሲውን አድርጎ እዚያው ሱቅ ሄድን። ያምራል ያለውን አነሳ። ጥብቅ አለበት፤ ጫማ ወንድ የሚያስመስለው ልክክ ሲል ነው አለኝ። ሻጯ ሳንቃው ላይ እንዲወጣ ለመነችው። እሱ እንኳን ሳንቃ እውነተኛ ተራራ ስወጣ ኖሬያለሁ ብሎ እጁን አወናጨፈ። የጫማውን አፍንጫ ከላይ ስጫነው የአውራ ጣቱ ጫፍ እዚያው ነበር። እኔ ምን አገባኝ? ጋሼ፣ አምሮብዎታል አልኩት።

ጥቅምት ላይ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ወጣን። ጎህ እንደቀደደ አማቼ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ወጋ፤ አጋዘኑ ቁልቁል ሄደ። ተነሳሁ። አቤት ያ ጫማ! ድንጋዩን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ቅጠሉን ይጥሳል፣ ቁርጭምጭሚቴ ንቅንቅ አላለም። ወንዙ ዳር ደረስኩበት፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፣ አረድኩ። ቀና ብዬ ጠበቅኩት። አልመጣም። ደጋግሜ ተጣራሁ።

ተመልሼ ስወጣ ቁልቁለቱ እኩሌታ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ጫማውን አውልቆ። አውራ ጣቶቹ አብጠው ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። የዚያ ጨዋታ አዋቂ ሥራው ማቃሰት ሆኗል። እግሩን መልሶ ጫማው ውስጥ ለማስገባት ሞከረና ጮኸ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይቅር በለኝ አልልም፤ ቅቤ ጠጣ።

መቼም ጥለኸኝ አትሄድም አለኝ።

«ሥጋ ይበላሻል፣ ጋሼ» አልኩት። «እርስዎ ይቆያሉ።»

ሥጋውን ቆራርጬ፣ በከረጢት እየተሸከምኩ፣ እየተመላለስኩ መኪናው አደረስኩ። ባለፍኩ ቁጥር ያየኛል፤ ሰላምታ እሰጠዋለሁ። ከሰዓት በኋላ መጥቼ አዘልኩት። እንዴት ይከብዳል! ግን የሩዝ ከረጢቱ አለማምዶኛል። አጭር መንገድ ነበር፤ እኔ ግን ሌሎቹ አዳኞች ፒካፕ በሚያቆሙበት በኩል በረጅሙ ዞርኩ። ፈረንጆቹ ቆብ አንስተው አጨበጨቡልን። እሱ ፊቱን ማጅራቴ ላይ ደፋ። መኪና ውስጥ ለእናቱና ለልጄ እንዳልነግርበት ለመነኝ። ራዲዮ ከፈትኩ።

እውነቴን ነው፣ ዝም ቢል ዝም ልል ነበር። ያንን መለማመጡን ይዤ ብቻ መኖር ይበቃኝ ነበር። ቅዳሜ ማኅበሩ እኛ ሳሎን ተሰበሰበ፤ ጫማ በር ላይ ወልቋል፣ የአጋዘኑ ጥብስ ይጨሳል። እትዬ ራሷ ባርካ ጎረሰች። ልጄ አጎቷን ዘንድሮስ ምን ሆነ ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ተመቻቸ።

«አራጃችን ደርሷል፣ አልክድም» አለ። «ከዚያ ግን እግሩ ዛለ። በጀርባዬ ነው ያወረድኩት።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ መሳቅ ጀመረ። ልጄም አፏን ከፈተች። የጎረስኩትን ዋጥ አድርጌ፣ እጄን ጠርጌ፣ በትሕትና ጋሼ አልኩት።

«ካልሲዎን ያውልቁ እስቲ።»

እግሩን ወንበሩ ሥር ከተተ። ምን አዲስ ነገር ነው ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ብቻውን ሳቀ። እኔ የራሴን አውልቄ ሁለቱን እግሬን ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁ፤ ጭረት የለባቸውም። እትዬ መነጽሯን አደረገች። ልጇን አውልቅ አለችው። ማኅበርተኛው ፊት እናት ስታዝ ምን ይደረጋል? አወለቀ። ጎንበስ ብላ አንዱን ጥፍር፣ ቀጥሎ ሌላውን አየች።

«ይሄ ያዘለ ሰው እግር ነው» አለች፣ «ወይስ የታዘለ?»

መጀመሪያ የፈነዳው የልጄ ሳቅ ነበር። «አንክል፣ ፒጊባክ?» አለች፣ ታዝለህ? ማለቷ ነው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ አየችኝ፣ መጥታም ከጎኔ ተቀመጠች። ሳቁ ከእሷ ወደ ሚስቴ፣ ከሚስቴ ወደ ሁሉም ተዛመተ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ሳቅ ነው፤ እስኪበርድ ድረስ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

አማቼ ቶሎ ልሂድ አለ። በር ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲታገል ሁሉም ሊሸኘው ቆሟል። ታላቅን ማክበር ደንብ ነውና እግሩ ሥር በርከክ ብዬ ክሩን ያዝኩ። ሚስቴ እንዲህ ስታከብረው ደስ ትላለህ አለችኝ። ስቤ ቋጠርኩለት።

«ጠበቀብዎ እንዴ፣ ጋሼ?»

ቀና ብሎ እናቱን አየ፣ ልጄን አየ። እንባው ቅርር ብሏል።

«ልክ ነው» አለኝ።

አንድ ጊዜ ደግሜ ሳብኩት።