የመጀመሪያው ቅዳሜ ድራፍት

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ ልጄ ከሥራ ወጥታ ጄኔቭ ዳር ቬርኒየ ወዳለው ቤቴ መጣችና ጃኬቷን ሳታወልቅ ጥያቄዋን ጀመረች።

«ፓፓ፣ ኮሌጎቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሎንዶን ይመጣሉ። መጀመሪያ ጄኔቭ፣ ከዚያ ዙሪክ እንሄዳለን። ጥሩ ቢራ ይፈልጋሉ። ግን ቱሪስት ቦታ አይደለም፣ ትራዲሲዮኔል የሆነ። አንተ ታውቃለህ፣ ኖን?»

አውቃለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህ ከተማ አውቶቡስ ስነዳ ስለኖርኩ መንገድ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አሳጥሬ መመለስ ለምዶብኛል። ስለ ቢራ ቤት ሲሆን ግን ማሳጠር አይሆንልኝም። ወረቀትና እስክሪብቶ እንድታመጣ አዘዝኳት። ስልኳን ልታወጣ ስትል ተቆጣሁ፤ እየሳቀች ወረቀቱን አመጣች።

መጀመሪያ መመዘኛዬን ነገርኳት። ቴሌቪዥን የተሰቀለበት ቤት አልገባም። የቢራ ዝርዝሩ እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ ቤትም አልገባም፤ ሠላሳ ዓይነት ቢራ የሚሸጥ ሰው አንዱንም በቅጡ አያውቀውም። ጥሩ ቤት አንድ ድራፍት ይኖረዋል፣ ቢበዛ ሁለት። ብርጭቆው በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል። ቀጂው ቧንቧውን ከፍቶ ወሬውን አይቀጥልም፤ ግማሽ ድረስ ይቀዳል፣ ያቆማል፣ አረፋው እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይሞላዋል። አረፋው ሁለት ጣት ያህል ይሁን። ይህን ያስተማረኝ የስዊስ ሰው አይደለም። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ጃምቦ የምጠጣበት ቤት የነበረ ቀጂ ነው። የሚያጣድፈው ሰው ሲመጣ «ለጥድፊያማ ቦኖ ውሃ አለልህ» ይል ነበር፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው።

ለጄኔቭ ሁለት ቤት አስጻፍኳት። አንደኛው ኦ ቪቭ ሰፈር ውስጥ ነው። ከትራሙ ወርደሽ ሰው ሁሉ ወደ ሐይቁ ሲነጉድ አንቺ ወደ ውስጥ ታጥፊያለሽ፤ ከጫማ ጠጋኙ አጠገብ ያለው ጠባብ ካፌ። ወንበሮቹ ያንቋቋሉ፣ የመስኮቱ መጋረጃ ከጠዋቱም ነጭ አልነበረም፣ ባለቤቱም ፈገግታ የሚባል ነገር አያውቅም። ቢራው ግን ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ነው፤ እዚያ የምንገባው እኛ ሾፌሮች ሥራ ስንጨርስ ነበር። ስለ እሱ ብዙ አልልም፣ አሁን ወለሉን አድሰውታል፣ የታደሰ ወለል ደግሞ አላምንም።

«ዙሪክስ?» አለች።

ዙሪክ አንድ ቤት ብቻ አለኝ። ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ሊጀምር ሲል፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጠቆር ባለ እንጨት የተለበጠ አሮጌ ቢራ ቤት። ጥግ ላይ በአረንጓዴ ሸክላ የተሸፈነ ትልቅ ምድጃ አለ። መንገዱን ነግሬያት ስጨርስ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ «ከምድጃው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ እንዳትቀመጡ። የብረት ምልክት አለበት። የቤቱ ደንበኞች ጠረጴዛ ነው፣ ባለቤት አለው።»

«አንተስ እዚያ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«እኔ ሌላ ነኝ» አልኳት። ሌላ ሳትጠይቀኝ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ።

ያንን ቤት ያገኘሁት ከአንድ ወዳጄ ጋር ነው። ስዊስ እንደገባን ስደተኛ መቀበያ ጣቢያ ውስጥ አንድ ተደራራቢ አልጋ ደረሰን፤ እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ። በአራት ዓመት ይበልጠኛል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጋሼ እለዋለሁ። ሁለት ወር ሳንለያይ ከርመን አንድ ጠዋት የምደባ ወረቀት መጣ። እኔን ለጄኔቭ ካንቶን ሰጡኝ፣ እሱን ለዙሪክ። እኔ ፈረንሳይኛ ልማር፣ እሱ ጀርመንኛ። ባቡሩ በር ላይ «አይዞህ፣ አገሩ ትንሽ ነው» አለኝ፣ ፊቱን ግን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር።

አገሩ በእውነትም ትንሽ ሆነ። መኖሪያ ፈቃዳችን እንደተሰጠን ቀጠሮ አበጀን፤ የወሩን የመጀመሪያ ቅዳሜ እኔ ዙሪክ እሄዳለሁ፣ በሦስተኛው ቅዳሜ እሱ ጄኔቭ ይመጣል። እሱ ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ ተከራይቶ ዳቦ ፋብሪካ ገባ። እኔ መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ። በየከተማው ቋንቋውን የሚያውቀው ያዝዛል፣ ሌላው እንደ እንግዳ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ልጄ ከተወለደች ወዲህ በየሦስተኛው ቅዳሜ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣላት ነበር። እስካሁን የዳቦ ሽታ ሲያገኛት እሱን ታነሣለች።

ወደ ምድጃው ጠረጴዛ የተጠጋነው በስህተት ነው። የመጀመሪያው ቀን ቤቱ ሞልቶ ነበር። አዲስ አበባ ድራፍት ቤት ሲሞላ ባዶ ወንበር ያለበት ትፈልጋለህ፣ «ይቻላል?» ትላለህ፣ ትቀመጣለህ፤ ከተቀመጥክ በኋላ ጠረጴዛው የጋራ ነው። እኛም በእጃችን «ይቻላል?» ብለን ከሦስት ሽማግሌዎች ጎን ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አስተናጋጇ ልታስነሣን ፈጥና መጣች። ከሦስቱ ትልቁ፣ በኋላ ጡረታ የወጣ ትራም ነጂ መሆኑን ያወቅነው፣ እጁን ከፍ አድርጎ አስቆማት።

ቢራው መጣ። ሽማግሌው ብርጭቆውን አነሣ፣ እኛም አነሣን። አስተዳደጋችን ነውና ግራ እጃችንን ቀኝ ክንዳችን ላይ ደግፈን፣ አንገታችንን ሰበር አድርገን፣ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን እያየን አጋጨን። ሽማግሌው ሳይጠጣ ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ። ደግሞ አነሣ። ደግመን አንገታችንን ሰበርን። ደግሞ አስቀመጠ። እኔ ቢራው የተበላሸ መስሎኝ ማሽተት ጀመርኩ።

ጋሼ ቀስ ብሎ «ዓይናችንን እዩ ነው የሚሉን» አለኝ።

«ሽማግሌ ላይ ልናፈጥ?»

«እዚህ ዓይኑን የሰበረ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው መሰለኝ።»

አፈጠጥን። ሽማግሌው በሰማያዊ ዓይኖቹ አንድ በአንድ አየን፣ ከዚያ ጠጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የእኛም ቦታ እዚያ ሆነ። ከእነሱ ጋር ዓይን ለዓይን ማየት ተማርን። ሁለታችን ስናጋጭ ግን እኔ እንደድሮዬ ብርጭቆውን ነው የማየው። ታላቄን እንዴት አድርጌ ላፍጥበት? እሱም ያውቃል፣ ይስቅብኛል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርን። በሕይወቴ ጥሩ የሚባሉትን ቅዳሜዎች ስቆጥር አብዛኞቹ እዚያ ምድጃ አጠገብ ናቸው።

የተለያየነው ኦ ቪቭ፣ ያ ጠባብ ካፌ ውስጥ ነው። ጠብ አልነበረም። ሦስተኛው ቅዳሜ ነበር፣ ሁለት ድራፍት ላዝዝ ስል ክንዴን ያዘኝና «ለኔ ውሃ» አለኝ። ጉሮሮውን ያመመው መስሎኝ ነበር።

«ጌታን ተቀብያለሁ» አለ። «መጠጥ ትቻለሁ።»

«እንኳን ደስ አለህ፣ ጋሼ» አልኩት። ከልቤ ነው። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ እስከ ዛሬም አልተንቀሳቀስኩም፤ እሱ ግን ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፣ የሚጸልዩለት ወንድሞችና እኅቶች አገኘ ማለት ጥሩ ነው። ችግሩ የኔ ቢራ ነበር። ጠረጴዛው መሐል ቆሟል። ከምግብ ዝርዝሩ ጀርባ ሸፈንኩት። ደግሞ መሸፈኔ አሳፈረኝ፣ በሁለት ጉንጭ ጨለጥኩትና ስለ አየር ጠባይ ማውራት ጀመርን፤ እኔና እሱ፣ ስለ አየር ጠባይ።

በሚቀጥለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ደውዬ ሥራ አለብኝ አልኩት። ሥራ አልነበረብኝም። የጸሎት ሰው ቢራ ቤት ጠርቼ ላስቀምጠው ነው? ከጉባኤው አንድ ሰው በመስኮት ቢያየውስ? ይሉኝታ ያዘኝ። ቤቴ ና ብዬ ጠራሁት፣ «እሺ፣ አንድ ቀን» አለ። እሱም አልጠራኝም፣ እኔም ሃይማኖቱ ከጠጪ ጋር መዋል ከለከለው አልኩ። ቀስ በቀስ ለገናና ለፋሲካ «እንኳን አደረሰህ» መባባል ብቻ ቀረን። ዓመት ዓመትን ወለደ። አምስት ዓመት አለፈ ብል ማን ያምነኛል? ሁለት ሰዓት ተኩል ከምናምን በባቡር የሚያስኬድ መንገድ ላይ።

እና ያን ሁሉ ለልጄ አልነገርኳትም፣ የነገርኳት ስለ አረፋ ብቻ ነው።

እንግዶቿን ይዛ ዙሪክ በሄደች ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ከጀርባዋ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

«ፓፓ፣ ያልከው ቤት ነን። ቢራው ሱፔር ነው። ግን ስማ… አትቀመጡ ያልከው ጠረጴዛ፣ ያ ምድጃ ጋ፣ ጋሼ እዚያ ናቸው።»

«የትኛው ጋሼ?»

«የረገንስዶርፉ! ዳቦ የሚያመጡልኝ። ብቻቸውን ናቸው። የፖም ጭማቂ ይዘዋል። ሰላም አልኳቸው፣ አቀፉኝ፣ አለቀሱ ትንሽ። ለምን አለቀሱ፣ ፓፓ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ቀና ብዬ አየሁ። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነበር።

«ሽማግሌዎቹስ?» አልኳት።

ጠይቃ ነገረችኝ። ሦስቱም ሞተዋል። ትራም ነጂው በመጨረሻ። ጠረጴዛው የጋሼ ሆኗል፤ አስተናጋጇ የብረት ምልክቱን ለሱ ስትል አላነሣችውም፤ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። አንድም ወር አልቀረም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ ምንም ሳልሠራ ቆምኩ። በራሴ ተናደድኩ፤ ትሕትና ብዬ የያዝኩት ነገር ሰውዬውን ስንት ወር ብቻውን አስቀምጦታል።

የሚቀጥለው የመጀመሪያ ቅዳሜ እስኪደርስ አልደወልኩለትም። ብደውል ድምፄ ያሳጣኛል፣ ወይም እሱ «አትልፋ» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ባቡሩ ውስጥ ምን እንደምለው አዘጋጀሁ፣ በርን ከተማ ስደርስ አፈረስኩት፣ ዙሪክ ልገባ ስል ደግሞ አዘጋጀሁ። እንድመጣ ይፈልግ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ምናልባት የሚቀመጠው ለሽማግሌዎቹ ሐዘን ይሆናል፣ ለኔ ማን ነግሮኝ?

ቤቱ አልተለወጠም። ምድጃው ነዷል። ጋሼ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል፣ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ሲያየኝ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ተነሣ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ሦስቴ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

አስተናጋጇ ሳናዝዛት አንድ ድራፍትና አንድ የፖም ጭማቂ ይዛ መጣች። እሷም አርጅታለች። ለሱ አንድ ነገር ተናግራ ሄደች።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ዘገየ አለች።»

ቢራውን አየሁት። አረፋው ሁለት ጣት ነው። «ጋሼ፣ አንተን ቢራ ቤት መጥራት ነውር መስሎኝ ነው» አልኩት። «ሰዎችህ ቢያዩህ ምን ይሉሃል ብዬ።»

«እኔ ደግሞ ሃይማኖቴን ጠልተህ መስሎኝ» አለ። «ቢራህን ስትሸፍነው አየሁህኮ። በእኔ ያፈርክ መሰለኝ።»

«ታዲያ አትጠይቀኝም?»

«አንተስ አትጠይቀኝም?»

ምድጃው ውስጥ እንጨት ሲወድቅ ተሰማ።

«ጉባኤው ያውቃል?» አልኩት።

«ያውቃል። ፓስተሩ ጠርቶ ቢራ ቤት ምን ትሠራለህ አለኝ። ሰው እየጠበቅሁ ነው አልኩት። ማንን ሲለኝ ነገርኩት፣ ከተደራራቢው አልጋችን ጀምሮ። እስኪመጣ ጠብቀው አለኝ።»

ብርጭቆዬን አነሣሁ። እሱም ጭማቂውን አነሣ። ግራ እጄን ቀኝ ክንዴ ላይ ደገፍኩ፣ እንደ ልማዴ አንገቴን ሰብሬ አጋጨሁና ልጠጣ ስል ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ሳይጠጣ አስቀምጦታል።

ደግሞ አነሣ፣ ያዘው፣ ጠበቀኝ።

ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። አረጀህ ሊለኝ ፈልጎ የተወው መሰለኝ፤ እኔም ልለው ፈልጌ ተውኩት። ያኔ ጠጣ።