አዳማ የማያድረው አውቶቡስ

ታኅሣሥ 17። የእናቴ አውቶቡስ አዳማ አያድርም።

ከሶዶ ቁልቢ፣ አዳማ አድሮ በሁለት ቀን ተብሎ ነበር የተመዘገበችው። ዛሬ ጠዋት ግን ጉዞው በአንድ ሹፌር ሌሊቱን ጭምር እንደሚቀጥል ሰማሁ። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ የልብ ሕመምተኛም ናት።

አስጓዡ ቢሮ ሮጬ የደረሰኙን ጀርባ ለጸሐፊዋ አሳየኋት። ዕቅዱ ከተቀየረ ተጓዡ ሙሉ ገንዘቡን ወስዶ መቅረት እንደሚችል ተጽፎበታል።

«መብትዎ ነው፣ ጋሼ። ቅጹን ይሙሉ። የእናትዎን መታወቂያም ይስጡኝ።»

በእጄ ያለው የመታወቂያዋ ቅጂ አስቴር ይላል። መዝገቡ ላይ ያለችው ወለተ ሚካኤል ናት። ለቁልቢ ጉዞ ስሟን ሲጠይቋት ለጸሎት መስሏት የክርስትና ስሟን ሰጥታለች። እንደ እሷ ያደረጉ ሌሎች አሥራ አንድ እናቶች መዝገቡ ላይ ቆጠርኩ። (ገብርኤል ያውቃቸዋል፤ የተጓዦቹ ኢንሹራንስ ግን አያውቃቸውም።)

«ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰበካ ጉባኤ ያምጡ» አለችኝ።

ቅጹን እየሞላሁ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ከአውቶቡሱ ውረጂ። ገንዘቡን እያስመለስኩ ነው።»

«ስሜን ሰረዙት?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ገብርኤል አልሰረዘኝም። ስለት አለብኝ፣ ልጄ። ደግሞ አትስጋ፣ ሹፌሩ ጎበዝ ነው። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ነው የመጣልን።»

ከድምጿ ኋላ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ።

ቅጹን ሳልፈርም ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። ይህን የምጽፈው አውቶቡሱን ልደርስበት በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። ጉዞ የተቀየረባችሁ ሰዎች፣ ስለት ያለባትን እናት እንዴት ከአውቶቡስ አወረዳችሁ? አሁኑኑ ጻፉልኝ።