ዳንግላ ላይ የቀለጠው በረዶ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ የአፌን ክፋት ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬዋለሁ። አሁን እናንተ ስሙኝ።

እንጅባራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እትዬ ይታይሽ ገበያ ላይ ድንች የሚሸጡ፣ ወሬ በአገውኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ ሴት ነበሩ። ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ መጡና ናሙና ሰጡ። ናሙናው ባሕር ዳር ሄዶ ሁለት ነገር ይታይበታል፤ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ አለ ወይ፣ ካለስ ሕዋሱን ማበላሸት ጀምሯል ወይ። ቫይረሱ ያለባት ሴት ሁሉ ካንሰር አይይዛትም። መበላሸቱን የሚያሳብቀው አንድ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ደግሞ ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ናሙናው በረዶ ባለው ሳጥን ይጓዛል። የዚያን ቀን የተጓዘው የእሳቸው ብቻ ነበር፤ አድራሹም እኔ።

ሚኒባሱ ዳንግላ ሲደርስ ወረድኩ። የአጎቴ ሚስት ሞታ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በደጃፋቸው ዝም ብዬ ባልፍ ዘመድ ምን ይለኛል? እግዜር ያጥናችሁ ብዬ ልነሳ ነበር ሐሳቤ። የጫግኒ ዘመዶች ደረሱ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ከዚያ እህል ቅመስ ተባልኩ። ሳጥኑን ድንኳኑ ጥግ አስቀምጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየሁ። ስከፍተው በረዶው ውሃ ሆኗል፤ ውሃውም ለብ ብሏል።

ያኔ ደውዬ ተበላሽቷል ብል ምን ነበረበት? እሳቸው ሌላ ናሙና ይሰጡ ነበር፤ እኔም ቁጣ ሰምቼ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ውሃውን ደፋሁ። ከሱቅ የቀዘቀዘ የላስቲክ ውሃ ገዝቼ በናሙናው ብልቃጥ ዙሪያ ደረደርኩ። ባሕር ዳር ላይ ናሙና ተቀባዮቹ "ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ነው የመጣው?" ሲሉኝ "አዎ" ብዬ ፈረምኩ። እኔ ነኝ የፈረምኩት፤ ማንም እጄን ይዞ አላስፈረመኝም።

ውጤቱ መጣ። ቫይረሱ አለ፤ ፕሮቲኑ አልታየም። ሙቀት አጥፍቶት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። ሐኪሙ ወረቀቱን አምኖ "ለአሁኑ ሕክምና አያስፈልግዎትም፤ በዓመቱ ይመለሱ" አላቸው። እትዬ ይታይሽ "ዕድሜ ይስጥህ ልጄ፤ ለእኔ ብለህ ባሕር ዳር ድረስ ተንከራተትክ" ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። እንዴት አፌ ታዘዘልኝ?

ቀጠሯቸውን በሁለት ወር አሳለፉ፤ የድንች ማውጫ ነበር። ሲመጡ ደም እየፈሰሳቸው ነበር፤ በሽታውም ተሰራጭቷል። ሐኪሙ ለምን ዘገዩ ሲላቸው አንገታቸውን ደፉ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ሥራው አዘናጋኝ" አሉ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። የመጀመሪያውን በድንጋጤ አደረግሁት ልበል፤ ይሄኛውን በምን ላሳብበው?

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አረፉ። ልጃቸው እስከ ዛሬ ባገኘችኝ ቁጥር "መጥቼ ባግዛት ኖሮ ቀጠሮዋ አያልፍም ነበር" እያለች ታለቅሳለች። እኔም አይዞሽ እላታለሁ።

ወግ አስገደደኝ አልልም። ለቅሶ መድረስ ወግ ነው፤ ውሸቱ የራሴ ነው። ይቅር በሉኝ ብዬም አላስቸግራችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልጅቷ ቤት ሄጄ መንገር ነበረብኝ፤ እስካሁን አልሄድኩም። ስሄድ የምላት ግን ይኸው ነው፦ እናትሽን የገደላቸው ያ ሁለት ወር አይደለም። ዓመቱን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ።