ለውሻዬ የቆፈርኩት ውሃ

ሰፈራችን ውስጥ ስለ እኔ ሁለት ነገር ይወራል። አንደኛው፣ ለውሻ መዋኛ የቆፈርኩ ዕብድ መሆኔ ነው። ሁለተኛው፣ በግቢዬ የፈለቀውን ፀበል በክፉ አፌ ያደረቅኩ ሰው መሆኔ ነው። የመጀመሪያው እውነት ስለሆነ አልክድም። ሁለተኛውን ከሚያምኑት ውስጥ አንዳንዶቹ ግን እስከ ዛሬ ታክሲ ተራ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። እኔም አዞርባቸዋለሁ።

ውሻዬ ትልቅ፣ ቡናማ፣ ከፈረንጅና ከአበሻ ዘር የተደባለቀ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ጠርቼው ጠርቼው ሳይመጣ የቀረበትን ስም ደግሜ ማንሳት አልፈልግም። ሚስትም ልጅም የለኝም። ዘነበወርቅ አካባቢ ካለው የብረታ ብረት ሥራ ቤት ደክሞኝ ስመለስ ቅያሱ አፍ ድረስ ወጥቶ የሚቀበለኝ እሱ ነበር። ቤት ውስጥ ታላቅ እህቴም አለች፤ ግን እሷ የምትጠብቀኝ ለምን እንዳመሸሁ ልትጠይቀኝ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት እዚያው ቅያሱ አፍ ላይ ባጃጅ ገጨውና የኋላ እግሮቹ ከዱት። ተሸክሜ የወሰድኩላት የእንስሳት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ጀርባውን እየነካካች አየችውና፣ «አጥንቱ አልተሰበረም ጋሼ፤ ግን እግሩ ካልሠራ ጡንቻው ይሟሽሻል። ውሃ ውስጥ ይንቀሳቀስ። ክብደቱን ውሃው ይይዝለትና እግሩ ቀስ በቀስ ይለማመዳል» አለችኝ።

«ባይንቀሳቀስስ?»

«እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ እየተጎተተ ነው የሚኖረው። ያውም ብዙ አይቆይም።»

የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞከርኩ፤ ግማሽ ሰውነቱ ውጪ ቀረ። ስለዚህ ከጓሮ ልቆፍር ወሰንኩ። ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ፣ በአንድ ወገን ተዳፋት ያለው፣ እየተንሸራተተ ራሱ ገብቶ ራሱ እንዲወጣበት። ዙሪያውን በሲሚንቶ ልለስነው አስቤ ሲሚንቶውንም ገዝቼ ደጅ አስቀምጬ ነበር።

እህቴን ላስተዋውቃችሁ። እቴቴ ነው የምላት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ይህንንም ሳታስታውሰኝ የዋለችበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ጉልበቷ ታማሚ ስለሆነ በከዘራ ነው የምትሄደው። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ እየማለች እየተገዘተች አልጋዋ ላይ ትወድቃለች። ውሻዬን አትወደውም። ደጃፉን ባለፈ ቁጥር ውሃ ረጭታ ትጠርገዋለች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ መቆፈር ጀመርኩ። ሥራ የማልገባው እሑድ ብቻ ስለሆነ የቆፈርኩትም እሑድ ነው። እቴቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ዶማ ይዤ አገኘችኝ።

«በሰንበት መሬት ትቆፍራለህ? ያውም ለውሻ?»

«እግሩ በሰንበትም ይሰንፋል፣ እቴቴ።»

«አንተ ልጅ፣ እግዜርን አትፈራም?» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ ነኝ።

ጎረቤቱም በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ የቻለውን ተናገረ። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው። በነዚያ ቀናት ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ደርድሮ ቧንቧውን ሲጠብቅ ይውላል። «ሰው ፊቱን የሚታጠብበት አጥቶ ውሻ ሊዋኝ ነው» አሉ። የእቴቴ የማኅበር ጓደኛ ደግሞ፣ እዚያው አጠገባችን የምትኖረው፣ «ትንሽ ቆይቶ ፎጣም ይገዛለታል» ብላ ሳቀች። ፎጣ ገዝቼለት ነበር።

ሁለተኛው እሑድ ላይ የምፈልገው ጥልቀት ደረስኩ። ጉድጓዱ ደረቅ ነበር። ረቡዕ ከሥራ ስገባ ግን ውሃ ሞልቶ ጠበቀኝ።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ክሎሪን ክሎሪን ይላል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ማንም የማያስታውሰው ያረጀ የቧንቧ መስመር በግቢያችን ሥር ያልፋል ማለት ነው፤ የሆነ ቦታ ደግሞ ያፈሳል። ነገ ለውሃ ሰዎች አመለክታለሁ አልኩ። ለዚያ ምሽት ግን ማን ይከለክለኛል? ገና አልጨለመም ነበር። ፎጣውን ከሆዱ ሥር አሳልፌ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዤ፣ ቀስ ብዬ አስገባሁት።

መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ የፊት እግሮቹ መቅዘፍ ጀመሩ። እጄን ውሃ ውስጥ ሰድጄ የኋላ እግሩን ያዝኩት፤ ይንቀሳቀሳል። በደካማው፣ አንዴ ሆኖ አንዴ እየቀረ፣ ግን ይንቀሳቀሳል። አልቅሻለሁ፤ ምን ይደበቃል። ፎጣውን ላላ አደረግኩለትና ከዳር ዳር ራሱ ሄደ። ሲወጣ ጭቃውን ሁሉ ፊቴ ላይ አራገፈብኝ። እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን በሕይወቴ ብዙ የለም።

በማግስቱ እኔ ሄጄ አመለከትኩ፤ መዝግበው «ተራው ሲደርስ እንመጣለን» አሉኝ። እኔ ያንን ስሰማ እቴቴ ደግሞ ከጓሮ ውሃውን አገኘችው። ደረቅ መሬት ላይ፣ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ጥርት ብሎ። በመዳፏ ቀድታ ቀመሰችና ከዘራዋን ጥላ ተንበረከከች። ከዚያ ጓደኛዋን ጠራቻት። ጓደኛዋ ማኅበሩን ጠራች።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ሰልፍ አገኘሁ። ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ወደ ገዛ ግቢዬ ልገባ ስል አንዱ፣ «ወንድም፣ ተራ ጠብቅ» አለኝ።

ቧንቧ ነው አልኩ። እስኪበቃኝ አልኩ። «ረቡዕ ይሞላል፣ ሐሙስ ይጎድላል፣ ዓርብ መልሶ ይሞላል። ረቡዕና ዓርብ እኮ የፈረቃችን ቀን ነው፣ እናንተ ሰዎች!» ብዬ ጮኽኩ።

የማኅበር ጓደኛዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በርኅራኄ አየችኝ። «ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ነው፣ ወንድሜ» አለች። «ሥጋችንን በምንጎዳበት ቀን እየጠበቀ ይፈልቃል። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጋለህ?»

«ፈረቃውም እኮ...»

«ታዲያ ፈረቃውን በነዚያ ቀናት ያደረገው ማን ይመስልሃል?»

የገረመኝ፣ የየቤታቸው ቧንቧ በዚያችው ሰዓት እየወረደ እሱን ትተው እኔ ጓሮ መሰለፋቸው ነው። ያው ውሃ ነው፤ ልዩነቱ የእኔ ጭቃ ያለበት መሆኑ ብቻ ነው።

የእቴቴ የንስሐ አባት መጡ። ደግ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቀመሱት፤ ከንፈራቸውን ጠረጉ። «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር መጀመሪያ ይጣራ። እኔ አልባርከውም፤ እናንተም አትቸኩሉ» ብለው ሄዱ። ሕዝቡ ምን አለ? «አባ ትሕትና ይዟቸው ነው።»

ውሻዬን ከኩሽናው ጀርባ አሰርኩት። ከዚያ ሆኖ የውሃውን ድምፅ ይሰማል፤ ያለቅሳል። ሰው ሳይኖር ላስገባው ብዬ ብጠብቅም ሰው የማይኖርበት ሰዓት ጠፋ፤ ውሃው በጎደለባቸው ቀናት እንኳ ጭቃውን የሚቀቡ ይመጡ ነበር። አንድ ዓርብ ፈቃድ ወስጄ ከሥራ ቀረሁ። ጠዋት ፈታሁትና ተሸክሜው በሰልፉ መሐል አለፍኩ።

እቴቴ ጉድጓዱ ውስጥ ነበረች፣ እስከ ወገቧ። ቀና ብላ አየችኝ። «ወዴት ነው?» አለች።

«ለሱ ነው የቆፈርኩት። ይውረድበት።»

«በእኔ ሬሳ ላይ ተረማምደህ!»

«እቴቴ፣ ይሄ ውሻ እኮ ከሁላችሁም በፊት ዋኝቶበታል። የመጀመሪያው ቀን። እናንተ የጠጣችሁት እሱ የታጠበበትን ነው።»

እውነቴን ነው የተናገርኩት። አንዲት ሴትዮ የያዘችውን ጣሳ ደፋችው። ከኋላዬ ድንጋይ ተወረወረና ውሻዬን ጎኑ ላይ መታው። ክንዴ ላይ እንዳለ ጮኸ። የማኅበር ጓደኛዋ፣ «ይሄ እንስሳ ከዚህ ግቢ ካልወጣ ፀበሉ ይደርቃል! ይሄው ተናገርኩ!» ብላ ለሁሉም አወጀች። እቴቴ ወደ ጓደኛዋ ዞራ በእሽታ ራሷን ነቀነቀች። ያ መነቅነቅ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር።

የሚቀጥለው ረቡዕ ስመለስ ቅያሱም ላይ የለም፣ ኩሽናው ጀርባም የለም። ሰንሰለቱ ብቻ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ለጥሩ ሰው ሰጠሁት» አለችኝ እቴቴ። «ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ነው።»

«ማን?»

ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ደግሜ። በመጨረሻ የጓደኛዋ አማች በጭነት መኪናው እንደወሰደው፣ አስኮን አለፍ ብሎ መንገድ ዳር እንዳወረደው ነገረችኝ። «ዳቦ ጥሎለታል» አለች። ይህን ስትነግረኝ ልታጽናናኝ ነበር መሰለኝ።

ከአስኮ ጀምሬ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ እየተጣራሁ ሄድኩ። ሥጋ ቤቶችን ጠየቅኩ፣ ጎሚስታዎችን ጠየቅኩ፣ ጥበቃዎችን ጠየቅኩ። እንደ ሰው የመለሰልኝም አለ፤ የሳቀብኝም አለ። አንድ ጥበቃ፣ እየተጎተተ በቦዩ ዳር ሲሄድ አይቼዋለሁ፣ ፊቱን ወደ ከተማ አዙሮ ነበር አለኝ። ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር ማለት ነው። በየቦዩ ጎንበስ እያልኩ ሳይ ዋልኩ። በማግስቱም ሄድኩ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን። አላገኘሁትም።

እህቴን ጠላኋት። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈርቼ ነበር፤ ግን እውነቱ ያ ነው። ምግብ አቅርባልኝ በልቼ፣ ሳላመሰግን ተነሥቼ እሄዳለሁ። እሷ ደግሞ በየረቡዑና በየዓርቡ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ፣ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ጸሎቷን እየደገመች ዙሪያውን ትዞራለች። ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሳምንታት ሲያልፉ አንድ ቀን ከውሃው ስትወጣ ከዘራዋን ግድግዳው ላይ ረስታው ወደ ቤት ገባች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ የሐኪሟን ንግግር አስብ ነበር። የታዘዘው መድኃኒት ትክክል ነበር፤ የወሰደችው ግን ሌላ ሰው ናት።

የውሃ ሰዎች መጡና ከአጥሩ ውጪ ቆፍረው የተበላሸውን ቧንቧ ቀየሩት። ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። የሚቀጥለው ረቡዕ ጉድጓዱ ደረቅ ሆነ። ዓርብም ደረቅ። ሰልፉ ጥቂት ቀን ተስፋ ሳይቆርጥ መጣ፤ ከዚያ ቀረ። የተቀየረውን ቧንቧ ሁሉም በዓይናቸው አይተዋል። ቢሆንም ያደረቅኩት እኔ ነኝ፤ በአፌ፣ በውሻዬ፣ በሰንበት በመቆፈሬ። ለቧንቧው ተጠያቂ እሆን ዘንድ እኔ ተመረጥኩ።

የእቴቴ የጉልበት ሕመም ወር ሳይሞላው ተመለሰ። ከዘራውም ተመለሰ። አንድ ጠዋት ሱሪዬን ትጠግንበት የነበረውን መርፌ አስቀምጣ፣ «ወንድምዬ፣ ያንን ጉድጓድ ሙላልኝ» አለች።

አየኋት። ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም።

ልቤ አፈር ደፍቼ እንድደፍነው ይነግረኝ ነበር። ግን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሌት ስታቃስትም በግድግዳ እሰማታለሁ። ደጅ የተቀመጠውን ሲሚንቶ አቡክቼ ጉድጓዱን ለሰንኩት። ተዳፋቱንም እንደነበረ ተውኩት፤ ለእሷም ይመቻታል። ፈረቃ በመጣ ቁጥር በውሃ ጎማ እሞላዋለሁ። ይህን የሚያዩ ጎረቤቶች አሁን በውሃው መባከን አይናደዱም። «እንዴት ያለ ወንድም ነው» ይላሉ፤ ፊታቸውን ከሚያዞሩብኝ መሐል እንኳ እንዲህ ያሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ዓርብ እንደተለመደው ክንዷን ይዤ አስገባኋት። ጥቂት ዞረች። ከዚያ ቆመችና እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ «ተቀይመኸኛል አይደል?» አለች።

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች። ውሃውን በመዳፏ እያማሰለች ቆየች። «አንዳንዴ አስበዋለሁ» አለች። «ውሻ እኮ ቤቱን አይረሳም ይባላል። አንድ ቀን መጥቶ በር ላይ ይገኝ ይሆን?»

«በምን እግሩ?» አልኳት።

መዞሯን አልቀጠለችም። እጄን ዘረጋሁላትና ከውሃው አወጣኋት።