ሻይ የማይጠጡት ደንበኛችን

ይህ ታሪክ ለአንባቢ መቅረብ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። ሌሎች የሚጽፉት ገጠመኝ አደጋ አለው፣ ለጥቂት መትረፍ አለው። የእኔ የሻይ ቅጠል ጉዳይ ነው። አብራኝ ለምታድረው ተማሪ ስነግራት፣ “በቃ? መጨረሻው ይኸው ነው?” አለችኝ። አዎ፣ ይኸው ነው። ያም ሆኖ ከ2010 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለውን ጊዜ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የእናቴ ቀብር አይደለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቤት ቁም ሳጥን ተደርድሮ ያየሁት ሻይ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እንደሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የከሚሴ ልጅ ነኝ። ስሜ ነኢማ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ጀማልን ያሳደገችን እናታችን ናት። አዮ እንላታለን፤ በእኛ ቤት እማዬ እንደማለት ነው። አዮ ሻይ ትቀምም ነበር። ቀረፋ፣ ሄል፣ ጥቂት ቅርንፉድና ደረቅ ጦስኝ ወቅጣ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ታዋህደዋለች። በፊት በገበያ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጣ ነበር የምትሸጠው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩላት።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሰው በስልኬ ያዛል። አዮ ታሽጋለች። ባጃጅ የሚነዳው ጀማል እሽጉን መናኸሪያ ወስዶ ለሚኒባስ ረዳት ይሰጣል፤ ደንበኛው ደግሞ በከተማው መናኸሪያ ወጥቶ ይቀበላል። ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባም ላክን።

አዮ ማንበብ አትችልም ነበር። የመጣውን ሁሉ አነብላታለሁ። እሷ ግን ስንት ኪሎ እንደታዘዘ ከመስማቷ በፊት፣ “ልጆች አሏት? ደህና ናቸው ወይ በያት” ትለኛለች።

“አዮ፣ ይኼ እኮ ንግድ ነው። ሰው ይሰለቻል።”

“ሰላም ሳትጠይቂ ትሸጫለሽ እንዴ? የማን ልጅ ነሽ?”

እኔም እሷን ደስ እንዲላት እጠይቅ ነበር። ሰዎቹ አልሰለቹም። የታመመባቸውን፣ የጠፋባቸውን፣ ያጡትን ይጽፉልን ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ ከዓስር ሶላት በኋላ የሰፈራችን ሴቶች እኛ ቤት ወዳጃ ይቀመጣሉ። ተሰብስቦ ዱአ ማድረግ ነው፤ አንዷ ትለምናለች፣ ሌሎቹ አሚን ይላሉ። አዮ የደንበኞቹን ችግር እዚያ ታነሳዋለች። “የደብረ ብርሃኗን ልጅ ረቢ ያንሳላት” ትላለች። “አሚን” ይባላል።

ከሳምንታት በኋላ አንዳንዶቹ ምስጋና ይልካሉ። “ልጄ ተነሣልኝ፤ ከእንግዲህ ከእናንተ ሌላ የማንንም ሻይ አልገዛም” ብለው የጻፉ ነበሩ። ይህን ለወዳጃው ሳነብ ሴቶቹ ደስ ይላቸዋል። አዮ፣ “ተቀብለናል በያት” ትላለች። እኔ “ተቀብለናል” ብዬ እጽፍና አበባ እጨምርበታለሁ። የተደሰተ ደንበኛ የሚናገረው ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ደንበኞቻችን የማይለቁንም ፎቶዎቼ ስለሚያምሩና ቶሎ ስለምመልስላቸው ይመስለኝ ነበር።

በ2010 ነሐሴ ላይ አዮ ድንገት ታማ ሞተች። ስለዚያ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ሰው ሁሉ “አብሽሪ፣ ሰብር አድርጊ” ይለኛል፤ እኔ እሺ እላለሁ። አላለቀስኩም። ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ስልኬ ሲጮህ አውጥቼ “ግማሽ ኪሎ፣ እሺ” ብዬ መለስኩ። አጠገቤ የነበረች አክስቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ቀሚሷ ሥር ደበቀችው።

አዮ እንደሞተች ቻናሉ ላይ ጻፍኩ። ብዙ ሰው የሐዘን መልእክት ላከ። ትእዛዙ ግን አልቆመም። ጀማል፣ “እንግዲህ እኔ እወቅጣለሁ” አለ። የቤቱ ኪራይም ሆነ የእኔ ትምህርት በሻዩ ላይ ነበር፤ ባጃጁ የሰው ስለሆነ ለእሱም በወጉ አይበቃውም። ጀማል ቅርንፉዱን እያበዛ፣ ቀረፋውን እያሳረረ ቀመመ። እኔ ቀምሼዋለሁ። ምላሴ ደንዝዞ ቆየ። ደንበኞቹ ይሸሻሉ ብዬ ጠበቅሁ። አንድም ሰው ቅር አለኝ አላለም፣ አንድም ሰው መግዛት አላቆመም።

በ2011 ጥቅምት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ደብረ ብርሃን ወርጄ ለአንዲት ደንበኛ እሽጋቸውን በእጄ ለመስጠት አሰብኩ። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻችን አንዷ ናቸው፤ እትዬ ሙሉ ይባላሉ። በአካል ሄዶ ማመስገን ጥሩ ነገር ነው ብዬ ነበር።

እትዬ ሙሉ በር ላይ አይተውኝ ሳቁ። “አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ ጸሐፊዋ? እኔ እኮ ትልቅ ሴትዮ ትመስይኝ ነበር! ግቢ፣ ብርዱ ሳይቆርጥሽ።”

ትኩስ ወተት ሰጡኝ። ሻይ አላፈሉም። ስለ አዮ እያነሱ አለቀሱ፤ እኔ ወተቱን ጠጣሁ። “ሻዩስ እንዴት ነው እትዬ? ሰሞኑን ቅርንፉዱ ሳይበዛ አልቀረም” አልኳቸው።

ተነሥተው ቁም ሳጥኑን ከፈቱት። እሽጎቻችን ተደርድረዋል። ከታች አዮ በክር ያሰረቻቸው፣ ከላይ ጀማል በስቴፕለር የመታቸው። አንዱም አልተከፈተም።

“ሻይ አልጠጣም፣ የኔ ልጅ” አሉኝ። “ጨጓራዬ ሻይ ከሸተተው ይነሣብኛል። ሐኪም ከከለከለኝ ቆየ።”

“ታዲያ ለምን ይገዛሉ? ልጅዎ ይጠጣል?”

“እሱማ ቡና ካላገኘ ዓይኑ አይገለጥም! ለጎረቤት እሰጥ ነበር። ለማኅበርተኞቼም ሰጠሁ። አሁን እነሱም፣ ‘እባክሽ ሙሉ፣ ይኼ ምላስ የሚያደነዝዝ ነገርሽ ይቅርብን’ አሉኝ።”

ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። ልጃቸው በጠና ታሞ አልጋ ላይ በነበረበት ጊዜ ለእኛ ጽፈው አዮ ወዳጃ ላይ አነሣችላቸው። ልጁ ዳነ። እሳቸውም ሌላ ሻይ እቤታቸው ላያስገቡ፣ ከእኛም መግዛት ላያቋርጡ ቃል ገቡ። እኔ “ተቀብለናል” ብዬ መለስኩላቸው። በአበባ።

“ዝም ብለው ቢያቆሙስ?” አልኩ።

“ምን ነካሽ? ባቲ ተወልጄ አድጌ! እኛ ክርስቲያን ብንሆንም የወዳጃ ስለት አይጠፋንም። የተቀበሉት ስለት ታጥፎ የት ይገባል? ልጄ ባስነጠሰ ቁጥር ለሻዩ እደውላለሁ።” ዓይናቸውን ጠረጉ። “እናትሽን፣ ፍቺኝ ልላት ሳፍር ሳፍር ሞተችብኝ። አንቺ ልጇ ነሽ። ፍቺኝ።”

ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን እንደሳቸው ያለው ስንቱ ይሆን የሚለው ሐሳብ መጣብኝ። “ወንድሜን ልጠይቅ” አልኩ። ቀዝቀዝ አሉ። ሲሸኙኝ ለመንገዴ ዳቦ ጠቀለሉልኝ።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ለደንበኞቻችን ሁሉ አንድ ጥያቄ ላክሁ፤ “ውድ ደንበኛችን፣ ሻያችንን የሚመርጡት ለምንድን ነው?” በሚል። ብዙዎቹ ስለት፣ ነዝር፣ ቃል ብለው መለሱ። አንዷ “እኔ ምን ምርጫ አለኝ” ብላ ጻፈች። ጣዕሙን ወድጄ ነው ያሉት አንድ የኮምቦልቻ ሰው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም፣ “የድሮው ግን ይሻል ነበር” የሚል ጨመሩበት።

ለጀማል ደወልኩ።

“ማል ታቴ ነኢማ? ምን ሆንሽ?” አለኝ። “ትምህርት ጀመርሽና ሞኝ ሆነሽ ቀረሽ? ማን አስገደዳቸው? ራሳቸው ናቸው ቃል የገቡት።”

“አንድ ቀን እንኳ አይጠጡትም እኮ፣ ጀማል።”

“ይደፉታ! በምን ትማሪያለሽ? ወላሂ፣ ይኼን ነገር ለሰው እንዳታወሪ።”

አላወራሁም። እትዬ ሙሉ ግን መደወል አላቆሙም። አንድ ቀን ልጃቸው ጉንፋን ይዞት ነበርና እያለቀሱ አዘዙ። ትእዛዙን ተቀብዬ ለጀማል አስተላለፍኩ። ምን እንደተሰማኝ ብጠየቅ፣ ምንም። ክፍል ነበረኝ፤ ሄድኩ።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከሚሴ ስመለስ እመት ሰዓዳ ዘንድ ሄድኩ። ከአዮ በኋላ ወዳጃውን የሚመሩት ጎረቤታችን ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጀማልን አስጠሩት።

“እመት፣ ይኼ ንግድ ነው” አላቸው ገና ሳይቀመጥ።

“ንግድማ ቢሆን ይኼን የከሰለ ቅርንፉድህን ማን ይገዛህ ነበር?” አሉት። ጀማል አንገቱን ደፋ። “ስለቱን የተቀበለው ወዳጃው ነው፤ የሚፈታውም ወዳጃው ነው። ግን እናንተ ወራሾቿ ናችሁ። ሁለታችሁም በአፋችሁ ፈትተናል ካላላችሁ አይፈታም። አስገድዳችኋለሁ እንዳትሉ፣ አላስገድድም።”

“አዮ ብትኖር ትፈታቸው ነበር?” ብዬ ጠየቅሁ።

“እኔ ምን አውቄ? እሷ የለችም። የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ።”

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሴቶቹ እኛ ቤት ተቀመጡ። ጀማል አልመጣም ብሎ ነበር፤ በመጨረሻ መጥቶ በሩ አጠገብ የባጃጁን ቁልፍ እያሽከረከረ ቆመ። የደንበኞቹን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። በእያንዳንዱ ስም ሴቶቹ “አሚን” አሉ። ሲያበቃ እኔ፣ “በአዮ ፈንታ ፈትቻለሁ፤ አውፍ ብያለሁ” አልኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ “አቤት” እንደምለው ዓይነት ነበር። ሁሉም ወደ ጀማል ዞሩ።

አንዷ ሴት ልትናገር ስትል እመት ሰዓዳ በእጃቸው ያዟት።

“ፈትቻለሁ” አለ ጀማል። “ለእነሱ ብዬ አይደለም። አዮ ቀብሯ ውስጥ በሰው ጨጓራ እንዳትጠየቅ ብዬ ነው።”

አንዳንዶቹ ሴቶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ወጣ። ባጃጁን ሲያስነሣ ሰማነው።

በዚያው ዕለት ቻናሉ ላይ፣ “በእናታችን ዱአ ምክንያት ቃል ለገባችሁልን ሁሉ፦ ወዳጃው ተቀምጦ ፈትቷችኋል። ቀሪ የለባችሁም” ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ከወትሮው ትእዛዝ ጥቂቱ ብቻ መጣ፤ ከዚያ እሱም እያነሰ ሄደ። አንዳንዶች “አላህ ይስጣችሁ”፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ብለው ጻፉ። አብዛኞቹ ምንም ሳይሉ ከቻናሉ ወጡ። እትዬ ሙሉ ደውለው ስልኩ ላይ እልል አሉ። “ዛሬ ለእንግዶቼ የሱቅ ሻይ ገዝቼ አፈላሁ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልደወሉም። የሚደውሉበትም ምክንያት የለም።

የቀሩት የኮምቦልቻው ሰው ነበሩ። ጀማል ለእሳቸው ብሎ ቅርንፉዱን ቀነሰ፤ አዮ እንዴት እንደምታደርገው እመት ሰዓዳን ጠየቀ። አንድ ሁለት ጊዜ ላክንላቸው። በመጨረሻ በትሕትና፣ የሚስማማቸው ሌላ ሻይ እንዳገኙና እንዳንቀየማቸው ጻፉ። አልተቀየምንም።

አሁን ጀማል ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ነው። ቤቱን ለቅቆ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። እኔ ቅዳሜና እሁድ የአንድ ቤተሰብ ልጆችን አስጠናለሁ፤ እስካሁን ትምህርቴን አላቋረጥኩም። ጀማል በነገሩ አይወቅሰኝም፤ አያነሳውምም። ደንበኛን የሚያቆየው ምንድን ነው ተብሎ ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ ጥራትና ፈጣን መልስ ብዬ እመልሳለሁ፤ መምህራችን የሚጠብቁት እሱን ነው። ጥሩ ነገር የሠራሁ አይመስለኝም፣ መጥፎም የሠራሁ አይመስለኝም። ስለ አዮ እስካሁን አላለቀስኩም። ይመጣል ይሉኛል።

ለኮምቦልቻው ሰው የተላከው የመጨረሻ እሽግ ከከሚሴ መናኸሪያ የተጫነው ሚያዝያ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።