ያለ ከበሮ የጨፈርሁ ዕለት

አባቴ ከሞተ አምስተኛ ወሩ ነበር። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ከል ለብሼ፣ ሠርግ ሳልሄድ፣ ከበሮ ከሚመታበት ሳልደርስ መክረም ነበረብኝ። ዕድሜዬ ግን አሥራ ስድስት ነው፤ ትከሻዬ አርፎ መቀመጥ አያውቅም።

ዳንግላ ትምህርት ቤት አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ነበረን። ከአገሩ ፊልም ማንሻ አምጥቶ ስለ ነበር፣ ጣልያን ጥሎት በሄደው የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ስንጨፍር ሊያነሣን ፈለገ። ለምን እዚያ እንዳሰኘው እንጃለት። ጣሪያው ተበሳስቷል፣ መጋዙ ዝጓል፣ ወለሉ የርግብ ኩስ ነው። ልጆቹ ከሁሉም የምትሻለው እሷ ናት ብለው ጠቆሙኝ። ሐዘንተኛ ነኝ አልሁት። እሱ ግን መሣሪያው ድምፅ እንደማይቀዳ፣ ስለዚህ ከበሮም ዘፈንም እንደማያስፈልገው አስረዳኝ። ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ክልክሉ ከበሮና ዘፈን ነው፤ ያለ ከበሮ ትከሻ ቢነቃነቅ ምን ኃጢአት አለው? አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ከሌን አውልቄ የጓደኛዬን ነጭ ቀሚስ ለበስሁ። አስተማሪው በጣቱ እየቆጠረልን ስድስት ልጆች በዝምታ እስክስታ ወረድን። የሚሰማው ትንፋሻችንና ኮቴያችን ብቻ ነበር። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። አባቴን ጨርሶ ረሳሁት።

ከሳምንታት በኋላ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሲጠራ ፊልሙ እንደሚታይ አላወቅሁም። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፣ አንሶላ ተሰቀለ፣ ጄኔሬተሩ ተነሣ። አስተማሪው እንዲያምርለት ብሎ ከጎኑ የዘፈን ሸክላ አጫወተ። ከበሮው ሲመታ እኔ በነጭ ቀሚስ አንሶላው ላይ ወጣሁ፤ ትከሻዬ ከምቱ ጋር ገጠመ። አዳራሹ አጨበጨበ። እናቴ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ከፊት ተቀምጣ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ፊልሙ ሲነሣ ከበሮ እንዳልነበረ፣ ሸክላው ዛሬ የተጨመረ እንደሆነ እየማልሁ ነገርኋት። የቤታችን በር ላይ ስንደርስ ቆም ብላ በቤታችን ቋንቋ፣ በአዊኛ ተናገረች።

«ከበሮውንስ ተይው። ሳቅሽን አየሁት። ለካስ እስከ ዛሬ ያለቀስሁት ብቻዬን ነው።»

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ባለሁበት አልቅሳ አታውቅም፤ እንባዋ ሲመጣ ተነሥታ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር።